ሦስት ጣሳ ማንኪያ

ሰርካዲስ ረቡዕ ጠዋት የእናቷን ሻይ ልታማስል እጇን ወደ ማንኪያ ጣሳው ስትሰድ ጣሳው ሦስት ሆኖ ጠበቃት። በዚያ ቤት ማንኪያ የሚቀመጠው፣ እሷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ፣ ቀለሙ በተላጠ በአንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነው። አንገቱ የተጣመመውም፣ ጫፉ የተበላውም፣ ከሰው ሰርግ ሳይታወቅ ተቀላቅሎ የመጣውም እዚያው አንድ ላይ ሲንኳኳ ነው የኖረው። አሁን ግን መደርደሪያው ላይ ሦስት ጣሳ ተሰልፏል። አንዱ የድሮው ነው። ሁለቱ የቲማቲም ድልህ የነበረባቸው ናቸው፤ ወረቀታቸው ተልጦ፣ በአመድ ታሽተው እስኪያብረቀርቁ ታጥበዋል። ማንኪያዎቹ ከሦስት ተከፍለዋል። ጭልፋዎቹ እንኳ አንድ አንድ እየሆኑ በየጣሳቸው ቆመዋል።

«ማንኪያው ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«ምንም አልሆነም» አለች ፈትሂያ፣ ቀና ሳትል። ፈትሂያ ታናሽ እህቷ ናት። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ከትናንት የተረፈውን ድርቆሽ ትለቅማለች፤ የደረቀውን ወደ ከረጢት፣ ያልደረቀውን ወደ ሰፌድ። እናታቸው ወይዘሮ የኔነሽ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ሻያቸውን ይጠብቃሉ። በዚያ ቤት «ምንም አልሆነም» ከተባለ ብዙ ነገር ሆኗል ማለት ነው፤ ግን አንዴ ከተባለ በኋላ ሌላ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ መጭመቅ ነው። ሰርካዲስ ከድሮው ጣሳ አንድ ማንኪያ መዝዛ ሻዩን ሳያስፈልገው ረጅም ሰዓት አማሰለችው። ገብቷታል። እህቷ ተለየቻት ማለት ነው። ገና ሳትፈርም፣ ገና ምንም ሳታደርግ፣ ማንኪያ ተከፈለባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ እህትማማቾች እናታቸው አንድ፣ አባታቸው ሁለት ነው። ወይዘሮ የኔነሽ መጀመሪያ የኩታበር ሰው አግብተው ሰርካዲስን ወለዱ፤ እሱ ሲሞት የቢስቲማውን ነጋዴ ሸረፈዲንን አግብተው ፈትሂያን ወለዱ፤ እሱም ካረፈ ቆይቷል። አንዷ ማተብ አሰረች፣ አንዷ ከአባቷ ጋር መስጊድ ሄደች። ይህ በደሴ ወሬ አይሆንም፤ ከጎረቤቱ ግማሹ እንዲሁ ነው። ችግሩ ስጋ ላይ ነው። አንዱ ወገን ያረደውን ሌላው አይቀምስም። ጠብ ኖሮ አይደለም፣ ሲኖር እንዲያ ሆኖ ስለኖረ ነው። ወይዘሮ የኔነሽ በሁለተኛው ሰርጋቸው ማግስት «በአንድ ቤት ሁለት ድስት ከምጥድ ስጋው ይቅርብኝ» ብለው ስጋን ከቤታቸው አስወጡት። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ በፋሲካም በድግስም በአፋቸው አልዞረም። ሰርካዲስ ለፋሲካ አጎቷ ቤት፣ ፈትሂያ ለዒድ የአባቷ ዘመዶች ዘንድ ሄደው ይበላሉ፤ እጃቸውን ታጥበው ይመለሱና ከአንድ ትሪ ሽሮ ይቆርሳሉ።

የድርቆሹ ሥራም የበቀለው ከዚሁ ነው። እንጀራ ይቆራረሳል፣ ይደርቃል፣ በሽሮና በበርበሬ ታሽቶ በከረጢት ይታሸጋል፤ ትንሽ ፍል ውሃ ካፈሰሱበት ፍርፍር ይሆናል። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ለስንቅ ይገዙታል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይገዛዋል፣ ወደ ሰመራ የሚወርድ ሾፌር ይገዛዋል። በዐቢይ ጾምም በረመዳንም ሰኞ ገበያ ሰፈር ካለችው በራቸው ሰው አይጠፋም። ማንም አይጠይቅም። የእማማ የኔነሽ ቤት ስጋ እንደማይገባበት ከተማው ያውቃል፤ ድስቱም፣ ጭልፋውም፣ እጁም የታወቀ ነው። ይሄን የመሰለ ነገር በማስታወቂያ አይገኝም።

ደሴ ግን ነገር ለማድረቅ የተፈጠረ ከተማ አይደለም። የጦሳ ተራራ ጠዋት ጉሙን ይለቀዋል፣ ከሰዓት ካፊያውን ያወርደዋል፤ መሃል ላይ ፀሐይ ብቅ ብትል ማስጫውን አውጥተው ሳይጨርሱ ትመለሳለች። ሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ የሽቦ ማስጫው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድሮ ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። ክረምት ከገባ ደግሞ ከሚሸጠው የሚሻግተው ይበልጣል። ጤፍ በየሳምንቱ ዋጋው ይጨምራል፣ እነሱ ደግሞ የጨመረውን ጤፍ ገዝተው፣ አስፈጭተው፣ ጋግረው፣ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጡበታል። ሰርካዲስ አንድ ሙሉ ማዳበሪያ ድርቆሽ ገደል የደፋችበት ቀን አፏ ላይ የመጣውን ሁሉ ተናግራ፣ ሰማዩን ጭምር ተሳድባ፣ በማግስቱ ንስሐ አባቷ ዘንድ ሄዳለች።

ስለዚህ ሰንበሌጥ የተባለው የአዲስ አበባ የምግብ ኩባንያ ኮምቦልቻ ላይ «የምግብ ሥራ ፈጣሪዎች ማበልጸጊያ ማዕከል» ሲከፍት፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤቱም «አንቺ ሞዴል ነሽ፣ ተመዝገቢ» ሲላት፣ እንጀራ የወጣላት መሰላት። ስሙ ስለረዘመ ሰዉ ሁሉ ኢንኩቤተር ነው የሚለው። ጎረቤታቸው ቡዜ ይሄን ስትሰማ «ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን የሚገባበት ሳጥን አይደለም እንዴ? እናንተ እዚያ ምን ትሠራላችሁ?» ብላ ሰፈሩን አስቃበታለች። ሰርካዲስ አልሳቀችም። እዚያ ያየችው ማድረቂያ ማሽን ሕልሟ ውስጥ ገብቷል። ቁም ሳጥን የሚያህል፣ በሩ ሲዘጋ ትንፍሽ የሚል፣ ከውጭ የመጣ። አዲሱን ማሽን ለመሞከር መጀመሪያ የገባው የሷ ድርቆሽ ነበር፤ ሻይ ጠጥታ ስትመለስ ደርቆ አገኘችው። አንዱን ቁራሽ አንስታ ብትሰብረው ቀጭ አለ። ያን ድምፅ ደሴ ውስጥ ሰምታው አታውቅም። አንድ እፍኝ በመሐረብ ቋጥራ አምጥታ ለእናቷ ሰጠቻቸው፤ እሳቸውም አንዱን ጆሯቸው ሥር ሰብረው ፈገግ አሉ። የተረፈው ቁራሽ እስካሁን ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ኩባንያው ማሽኑን፣ ማሸጊያውን፣ የጥራት ፈቃዱን የሚያስጨርስ ሰው፣ አዲስ አበባ ሱቆች ውስጥ መደርደሪያ ይሰጣል። በምላሹ ከሥራው ድርሻ ይወስዳል፣ ስሙን ከረጢቱ ላይ ያትማል፤ የሚፈርመው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የምርቱን ዓይነት የሚወስነው የኩባንያው የገበያ ጥናት ነው። ጥናቱ ደግሞ ወሰነ። ሁለተኛው ምርት ባለ ቋንጣ ድርቆሽ ይሆናል። ሰርካዲስ ይሄን ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገረችው። «ቋንጣም እንጨምራለን አሉ።» ፈትሂያ ማስጫውን ገለበጠች፣ እናቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሳምንቱ እንዲያ አለፈ። ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ መፈረም ወይም መተው ነው።

ስትወጣ ፈትሂያ እስከ በር ሸኘቻት። «አላህ ያግራልሽ፣ እታለም» አለቻት። ሌላ ቀን ቢሆን የሚያስደስት ምርቃት ነበር። ዛሬ ግን ማንኪያ ከፍሎ መመረቅ ሰርካዲስን አንገበገባት። ሂጂልን ማለት ነው አለች በልቧ። ጥሩ፣ ከተለየን በደንብ እንለያይ። የኔ ጣሳ የትኛው እንደሆነ እንኳ የነገረኝ የለም። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኗ የተቀመጡ የሽንኩርት ነጋዴ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ልጃቸው ቪዛ፣ ስለ ጉልበታቸው ሲነግሯት «እህ፣ እህ» እያለች የሐረጎን ቁልቁለት ወረደች። ጉሙ መጠምዘዣዎቹ መሃል ላይ ቀረ። ኮምቦልቻ ስትደርስ ፀሐዩ አናቷን አገኘው፣ ሹራቧን አወለቀች፤ ይሄን ፀሐይ እግዜር ለደሴ ቢያካፍላት ምን ይጎድልበት ነበር ብላ እንደገና ተናደደች።

ማዕከሉ ከቦርከና ወንዝ ማዶ፣ ከአዲሶቹ መጋዘኖች አጠገብ ነው። ግቢው ገና ሣር አላወጣም። ውስጡ ግን መስታወት በመስታወት ነው፤ ሲቀመጡባቸው ሰው የሚውጡ ባለ ቀለም ከረጢት ወንበሮች አሉት፤ ግድግዳው ላይ «በትልቁ አስብ» የሚል ተጽፏል። የሚቀመጥበት ሁሉ ለስላሳ፣ የሚወራው ሁሉ ትልቅ ነው። አስተባባሪዋ ሊድያ ሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከአዲስ አበባ መጥታ ለብቻዋ ቤት ተከራይታ ትኖራለች፣ ከጠዋት እስከ ማታ ትሮጣለች። ለሰርካዲስ የመጀመሪያውን ቀን ጫማዋን አይታ «እግርሽን አያምሽም?» ብላ የራሷን ነጠላ ጫማ የሰጠች ልጅ ናት። ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ነገሩ እንዴት በቀለለ።

ሰርካዲስ ቀጥታ ወደ ማሽኑ ሄደች። በሩ በመስታወት ነው፣ ውስጡ ይታያል። የሷ ድርቆሽ በነበረባቸው ትሪዎች ላይ ቋንጣ ተዘርግቷል፤ ቀይ፣ በበርበሬ የታሸ፣ ስቡ ትሪው ላይ ጠብ ጠብ ያለ። ከታች ባሉት ትሪዎች ላይ ደግሞ ድርቆሽ ነበረ። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ በአንድ ሙቀት። የትኛው ስጋ ቤት፣ በማን እጅ እንደታረደ የሚያውቅ የለም፤ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ሊድያ ከኋላዋ መጥታ አያምርም ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሰርካዲስ ትሪው ላይ ስላለው ስብ አነሳች። ሊድያም ማሽኑ በየቀኑ በፈላ ውሃና በመድኃኒት እንደሚታጠብ፣ ከሆስፒታል ዕቃ የበለጠ ንጹሕ እንደሆነ አስረዳቻት። እውነቷን ነው፣ ንጹሕ ነው። ሰርካዲስ ግን ስለ ንጽሕና አልነበረም የጠየቀችው።

ኮሪደሩ ላይ ሀፊዝን አገኘችው። ሀፊዝ የለውዝ ቅቤ ይሠራል፤ ባለፈው ወር ፈርሞ አሁን በኩባንያው መኪና ነው የሚያከፋፍለው። ለሱ እንደተስማማው ያስታውቃል፣ ወፍሯል። ሳትጠይቀው «ፈርሚ፣ አብሽሪ፣ ወላሂ አትጸጸቺም» አላት። ስለ ቋንጣው ስታነሳበት ግን አንገቱን አከከ። «እኔን ምሳሌ አታድርጊ» አለ። «ለውዝ ጾም የለው፣ ቂብላ የለው። ያንቺ ነገር እንጀራ ነው፤ እንጀራ ያለበት ሰው ይሰበሰባል።» ሰርካዲስ ግን በቃ እፈርማለሁ ብላ ወስና ነበርና ምክሩን ሰምታ አለፈችው። ሰው ይሰበሰባል ይላል ደግሞ። የኛ ቤት ሰው ተሰብስቦ አልቋል፣ ማንኪያውን ተከፋፍሏል አለች በሆዷ።

ከፊርማው በፊት ቅምሻ አለ ተባለ። ቅምሻው ለማክሰኞ ተይዞ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ሳይመጣ ስለቀረ ወደ ረቡዕ ተዛወረ። ሊድያ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን የረቡዕ ጾም ስለሌለው ቀኑን ልብ አላለችውም። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ፣ በትንንሽ የወረቀት ጽዋዎች ባለ ቋንጣው ፍርፍር ተሰልፎ፣ እንፋሎቱ እየወጣ ጠበቃቸው። ሽታው ምራቅ ያስውጣል። ሠልጣኞቹ ዙሪያውን ቆሙ፤ ሥራ አስኪያጁ ስለ አብሮ ማደግ ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገረና «እንግዲህ ቅመሱ፣ ሳታፍሩ አስተያየት ስጡን» አለ።

የኩታበሩ እንየው የድንች ጥብስ እያሸገ የሚሸጥ፣ በየሰንበቱ መቅደስ የማይቀር ሰው ነው። ጽዋውን ተቀብሎ አሸተተና ጨጓራውን እየታከመ መሆኑን ተናግሮ መለሰው። ሀፊዝ፣ በሌላ ጊዜ ሦስት ቃል ተናግሮ አንድ ወላሂ የማይዘነጋው፣ አሁን ሳይምል «ጠግቤያለሁ» አለ። አንዲት ማር የምታሽግ ሴት ለልጄ ልውሰድለት ብላ በሶፍት ጠቀለለችው። ሌላው ስልክ ተደወለለትና ወጣ፤ ስልኩ ግን አልጮኸም። ሰርካዲስም ተራዋ ሲደርስ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፏ ያልገባ ሴትዮ፣ ሆዷ ሲጮህ ለሁሉም እየተሰማ፣ «በጣም ጠግቤያለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ማንም ምክንያቱን አልተናገረም። ሰው ቤት መጥቶ ምግብህን አልበላም ማለት ነውር ነው፤ ጠግቤያለሁ ማለት ግን ጨዋነት ነው። ጽዋዎቹ ሁሉ እንደሞሉ ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። ሥራ አስኪያጁና ሊድያ ብቻ በሉ።

ሊድያ ጽዋዎቹን አየቻቸው፣ ፊቷ ወደቀ። ዝቅ ባለ ድምፅ ምናልባት ጨው አንሶት ይሆን እንዴ ብላ ሥራ አስኪያጁን ጠየቀችው። እሱም አላምጦ አሰበና ችግሩ ጨው ሳይሆን ስጋው ማነሱ ነው፣ ጣዕሙ ጎልቶ አልወጣም፣ የስጋው መጠን እጥፍ ይደረግ አለ። ሊድያ ይሄን ጻፈችው። ሰርካዲስ ስትጽፍ አየቻት። ሳቋም እንባዋም እኩል መጡባት። አሥር ሰው ቆሞ አንድ ሰው እውነቱን የሚናገር ጠፍቶ ይሄው ስጋው ሊጨመር ነው። ነገ ደግሞ ይጠሩናል፣ ነገ ደግሞ ጠግበናል እንላለን፣ ስጋው ሦስት እጥፍ ይሆናል። በዚህ አያያዛችን በሬው ሙሉውን ጽዋ ውስጥ ይገባል እንጂ አንዳችን አንናገርም።

«ሊድያ፣ የኔ እህት» አለች፣ ሳታስበው ጮክ ብላ። «ጨውም አላነሰው፣ ስጋውም አላነሰው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እኔና እንየው እንጾማለን። ሀፊዝ ደግሞ ማን እንዳረደው ሳያውቅ አይበላውም። እዚህ ጠግቦ የመጣ ሰው የለም።»

እንየው ጫማውን ማየት ጀመረ። ሀፊዝ ጣሪያውን። ሊድያ እስኪርቢቶዋን ይዛ ቀረች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። «ስንት ቀን አብረን ስንሠራ፣ ለምን አትነግሩኝም?» ምን ይባላል? እንዳይከፋሽ ብለን ነው ቢሏት ይኸው ከፍቷታል።

ሥራ አስኪያጁ ግን ተደሰተ እንጂ አልተከፋም። እንዲህ ያለ መረጃ ወርቅ ነው አለ። ሰርካዲስን ለብቻዋ ወደ መስታወቱ ክፍል አስገብቶ ውሃ ቀዳላት፤ እንደማትጠጣው ሲያስታውስ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያም ነገሩ ቀላል እንደሆነ አስረዳት። ዋናው ደንበኛ ማን እንደሆነ ይወሰናል። ክርስቲያኑ ከሆነ ስጋው ከዚያ ይመጣል፤ ሙስሊሙ ከሆነ ሐላል ይደረጋል፣ ምልክቱ ከረጢቱ ላይ ይታተማል። ሁለቱን እኩል ማገልገል የሚባል ነገር የለም። «የሁሉም የሆነ ምርት የማንም አይሆንም» አላት፣ በቅንነት። «አንቺ ገበያውን ታውቂዋለሽ። የቱን እንምረጥ?»

ሰርካዲስ ጥያቄውን አሰበችበት። ከልቧ አሰበችበት፣ ምክንያቱም ማሽኑ ከግድግዳው ማዶ ትንፍሽ ሲል ይሰማታል።

«እናቴ በየትኛው ትገባለች?» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ዕድሜ የተጠየቀ መሰለውና ለአረጋውያንም ወደፊት ለስለስ ያለ ምርት ሊታሰብ እንደሚችል ነገራት። ሰርካዲስ ለማስረዳት አፏን ከፈተች። ከየት ይጀመራል? ከኩታበሩ ባል ነው ከቢስቲማው? ተወችው። ይልቅ ቋንጣው ቀርቶ ድርቆሹ ብቻ ይሠራ ዘንድ ለመነችው፤ የገበያ ጥናቱ አይፈቅድም አላት። ማሽኑን በኪራይ ይስጧት ዘንድ ለመነችው፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ታጥቦ ስጋ በሌለበት ሰዓት፤ ማዕከሉ ማሽን አከራይ አይደለም አላት። በትሕትና ነው የመለሰላት፣ በየመሃሉም ስለ ጥንካሬዋ ያመሰግናታል። ወረቀቱን አቀረበላት። እስኪርቢቶው ወፍራም፣ ያብረቀርቃል፣ እጇ ላይ ይከብዳል። ጠዋት እፈርማለሁ ብላ ምላ ነበር። ማንኪያ ለከፈለች እህት ብላ ማሽን ልትተው ነው? ግን «የቱን እንምረጥ» ያላት ነገር ጆሮዋ ውስጥ አልጠፋም፤ ይሄ ሰው በአዲስ አበባ አማርኛ የነገራት ነገር ሦስቱ ጣሳዎች ጠዋት ከነገሯት ነገር አልተለየባትም። እስኪርቢቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ማዕከላችሁ ጥሩ ነው» አለች። «ለኛ ግን አይስማማንም።» እኛ ስትል የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። በዚህ ማዕከል ውስጥ ሁልጊዜ እኔ ነበር የምትለው።

ሊድያ እስከ በር ሸኝታት አቀፈቻት። ሰርካዲስ ነጠላ ጫማውን ልትመልስላት ብትሞክር አይሆንም አለቻት።

ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ደስ አላላትም፣ እንደ ጀግናም አልተሰማትም። ብስጭት ብቻ ነው የነበራት። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እሷ ናት፤ ማሽኑም ቀረ፣ ቤቷም ተከፍሏል። በሥራ አስኪያጁ ተናደደች፣ በጥናቱ ተናደደች፣ ጨጓራ አለብኝ ባለው እንየው ተናደደች፤ ከሁሉ በላይ ከረዳቱ ጋር አምስት ብር ለሚሆን መልስ እየተጨቃጨቀች ያለችው የራሷ ድምፅ አናደዳት። መጠምዘዣዎቹ መሃል ጉሙ ጠበቃቸው። ሹፌሩ መብራት አበራ። ትንሽ ቆይቶ ካፊያው መስታወቱን መታው፤ ፈትሂያ ማስጫውን አስገብታው ይሆን ወይ ብላ ማሰብ ጀመረች፣ ሳትወድ።

አስገብታዋለች። ሰርካዲስ በሩን ስትከፍት ማስጫው ወለሉን ሞልቶ፣ መተላለፊያውን ሞልቶ፣ ቀሪው እናቷ አልጋ ላይ ወጥቷል። ወይዘሮ የኔነሽ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ሰው እንግዳ ሲመጣበት እንደሚሰበሰበው፣ ተጠግተው ተቀምጠዋል። ከሰሉ ተቀጣጥሎ መሃል ላይ አለ። ፈትሂያ በካርቶን ታራግባለች፣ ጸጉሯ ላይ አመድ ወርዷል። ሦስቱ ጣሳዎች እዚያው መደርደሪያው ላይ ናቸው።

«ፈርመሽ መጣሽ?» አለች ፈትሂያ።

«አልፈረምኩም።»

ካርቶኑ ቆመ።

«አልፈረምኩም አልኩሽ። አንቺ ግን እኔ ሳልፈርም ማንኪያ ከፍለሽ ጨርሰሻል። እህትነትሽ ይሄው ነው?»

ፈትሂያ ወደ እናቷ አየች። ወይዘሮ የኔነሽ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ፣ ወደ ከሰሉ እያዩ ተናገሩ። «እሷን ተያት፣ እኔ ነኝ ያዘዝኳት። ስትፈርሚ እጅሽ ስጋ መንካቱ አይቀርም። ማታ ማታ መጥተሽ ትሪያችን ፊት ስትሳቀቂ ማየት አልፈለግሁም። ሁሉም የራሱ ዕቃ ካለው የሚሳቀቅ የለም ብዬ ነው። በኔ ምክንያት እንጀራሽ እንዳይዘጋ።»

ሰርካዲስ መጀመሪያ አልገባትም። ቀስ ብሎ ሲገባት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትሸከመው የዋለችው ንዴት የሚያርፍበት አጣ። ያባረሯት መስሏት ነበር። እነሱ ለካ መንገድ ሲጠርጉላት ነው፣ በአመድ፣ ሌሊቱን።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች። ድምፁን አወቀችው፤ የሊድያ ነው።

«አንቺስ መቼ ጠየቅሽን?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ። «ጫማሽን ስታወልቂ ለግድግዳው ነው የነገርሽው።»

ከሰሉ ተንጣጣ። ሰርካዲስ የምትቀመጥበት ቦታ ስላልነበረ ቆማ ቀረች። ጣሳዎቹን አየቻቸው። የድሮው የሷ ነው፣ ገብቷታል፤ በኩር ናትና የድሮውን ለሷ ትተውላታል። አንዱ የፈትሂያ ነው።

«ሦስተኛውስ የማን ነው?» አለች።

«የኔ ነው» አሉ እናቷ። «ካንቺ ጋር ብበላ እሷን ተለየሁ፣ ከሷ ጋር ብበላ አንቺን ተለየሁ። ብቻዬን እበላለሁ ብዬ ነዋ።»

እንደዋዛ ነው ያሉት፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው። ሰርካዲስ ፊቷን ያዘች። አለቀሰች፤ አለቃቀሷም የንዴት ነበር፣ አፏም አላረፈም፤ ምን ዓይነት ቤት ነው ይሄ፣ ሰው አፍ የለውም፣ ከአንድ ትሪ አርባ ዓመት በልቶ አንድ ቀን የማይጠያየቅ ቤት እያለች ማስጫዎቹን በጎኗ አልፋ መደርደሪያው ዘንድ ደረሰች። ሁለቱን የድልህ ጣሳዎች አንስታ በድሮው ጣሳ ውስጥ ገለበጠቻቸው። ማንኪያዎቹ ተንኳኩ፤ አንዱ ጭልፋ አልገባ ብሎ ወደቀ፣ ፈትሂያ አነሳችው።

«ጣሳዎቹን ግን አትጣያቸው» አለች ፈትሂያ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ለበርበሬ ይሆናሉ።»

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበርና ሰርካዲስ ጾሟን የምትፈታበት ጊዜ ደርሷል። ቦርሳዋን ከፍታ፣ ከመሐረቡ ውስጥ ያንን የመጨረሻውን ቁራሽ አውጥታ ከሦስት ሰበረችው። ቀጭ አለ። ሦስቱም ድምፁን ሰሙት። በሉት።

«ማሽኑ ግን እንዴት ነው?» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ፣ ውጠው ሲጨርሱ።

«ጥሩ ነው፣ እማ» አለች። «በጣም ጥሩ ነው።»

ወይዘሮ የኔነሽ እጃቸውን ሰደው አልጋቸው ላይ ካለው ማስጫ አንድ ቁራሽ ድርቆሽ አነሱ። ጆሯቸው ሥር አድርገው ሊሰብሩት ሞከሩ። እንደ ጨርቅ ታጠፈ።

«ይሄ ገና ነው» አሉ፣ መልሰውም አስቀመጡት። ሰርካዲስ ነጠላዋን ሳታወልቅ የማስጫውን አንድ ጫፍ ያዘች፣ ፈትሂያ ሌላውን ያዘች፣ ወደ ከሰሉ አስጠጉት።